ያልደረቀው ዳስ

ባለቤቴ የቦካ ጭቃ ሽታ ይወድ ነበር። እኔ እጠየፈዋለሁ። ቢቸና ባለው ግቢያችን ጥግ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ አፈሩን ከጤፍ ጭድ ጋር በውሃ ለውሶ ያቦካዋል። ሲቦካለት ሱሪውን ሰብስቦ በእግሩ ይረግጠዋል፤ ሽታው መኝታ ቤት ድረስ ይገባል።

«አንተ ሰው፣ መምህር አይደለህም እንዴ? ጎረቤት ምን ይለናል?»

«ምርጊት ሸትቶት የማያውቅ ጎረቤት ካለሽ ጥሪልኝ» ይለኛል እየሳቀ። «ሲደርቅ ሽታው አብሮ ይሄዳል። እስኪደርቅ ታገሺኝ።»

ሞጣ ኮሌጅ ውስጥ የሕንፃ ንድፍ ያስተምር ነበር፤ ቢቸና የሚመጣው ቅዳሜና እሑድ ነው። ጭቃውን የሚሞክረው ለኮሌጁ ደጃፍ ለነደፈው ዳስ ነበር። የሠርግም የለቅሶም ዳስ በሳምንቱ ይፈርሳል፤ እሱ የማይፈርስ ዳስ አሰበ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ጎብጦ ይታሰራል፣ ላዩና የኋላ ግድግዳው በጭቃ ይመረጋል፣ የቀረው ዙሪያው ለነፋስ ክፍት ይሆናል። ገበያ የሚወጡ ሴቶች ከፀሐይ እንዲያርፉበት ነው። ዳሱን ወረቀቱ ላይ «የሙከራ ፓቪሊዮን» ብሎ ሰይሞታል።

ሳይሠራው ታመመ፤ ከተኛበትም አልተነሣም።

የሥራ ባልደረቦቹ ለቅሶ ሲደርሱ «እኛ እንሠራዋለን፣ ስሙ ይቆምበታል» አሉኝ። ንድፉን ሰጠኋቸው። አንድ ነገር ብቻ ለመንኳቸው፤ ሳይደርቅ እንዳይመርቁት። «እሺ፣ እትዬ» አሉ ሁሉም።

ከዚያ የምረቃው አስተባባሪ ደወለልኝ።

«እትዬ፣ ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ። ሪባኑን የሚቆርጡት እርስዎ ነዎት።»

«ደረቀ?»

«እንዴት እንደሚያምር መጥተው ያዩታል!» ወዲያውም ቀጠለና፣ «ደግሞ ለዕለቱ ነጭ ቢለብሱልን። ጥቁሩ ለፎቶ ከበድ ይላል።»

ስልኩን ዘጋሁት። አልሄድም ብዬ ነበር። ነገር ግን የእሱ ሐሳብ ቆሞ እንዴት እንደሚመስል ሳላየው መቅረት አልቻልኩም። ጥቁሬን ለብሼ ሄድኩ።

ሞጣ ስደርስ ከዳሱ በፊት ሽታው ተቀበለኝ። ክፍት ይሁን ያለውን ዙሪያ በመጋረጃ ዘግተውታል። የእንግዶች ልብስ እንዳይበላሽ ብለው እርጥቡን ግድግዳ በላስቲክ ሸፍነው፣ በላዩ የፕላስቲክ አበባ ሰክተውበታል። ሽታው አልታፈን ሲላቸው ሽቶ ረጭተዋል። ቦክቶ የታፈነ ጭቃና ርካሽ ሽቶ ተደባልቀው ጉሮሮዬ ላይ ተጣበቁ። መሐል ላይ የባለቤቴ ፎቶ ተሰቅሏል፤ መስተዋቱ በእርጥበት ደብዝዞ፣ ዝንብ ፊቱ ላይ ይሄዳል።

አንዲት ሴት ዘምቢሏን ይዛ ልትቀመጥ ገባች።

«ውጪ! ዛሬ እንግዳ አለ!» አላት ዘበኛው።

«ለገበያተኛ ነው አላላችሁም?»

«ነገ ነይ።»

«ነገ ከመምጣቴ በፊት ውስጡ የሞተውን አይጥ አውጡት!» ብላው ወጣች። ከእንግዶቹ አንዳንዶቹ ሳቁ። አስተባባሪው በፍጥነት ሽቶውን አንሥቶ ደግሞ ረጨ።

የላስቲኩን ጫፍ ገለጥ አደረግኩት። ጭቃው አረንጓዴ ሻጋታ አውጥቶ ያሙለጨልጫል፤ በጭዱ መሐል ነጫጭ ትል ይርመሰመሳል። ከትሉ ይልቅ ግን ያስጠላኝ ከኋላዬ የሚጨበጨበው ጭብጨባ ነበር። ስለ ባለቤቴ ትጋት እየተነገረ ነው፤ ተናጋሪው በአንድ እጁ አፍንጫውን ይዟል።

መቀስ በትሪ ቀረበልኝ።

«ይኸው፣ እትዬ። ወደ ካሜራው ዞር ብለው።»

መቀሱን ተቀብዬ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ላስቲኩን ከላይ እስከ ታች ቀደድኩት፤ እጄ በጭቃው ተለቀለቀ። አበባው ረገፈ፤ የታፈነው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ። እንግዶቹ ወንበራቸውን እየገፉ ወደ በር ተጋፉ።

«እትዬ! ምን ነካዎት? አዋረዱን እኮ!»

«መጋረጃውንም አንሡት። ይድረቅ» አልኩ። «ሲደርቅ ስሙን ትጽፉበታላችሁ። እስከዚያ እሱ እዚህ አይሰቀልም።»

ፎቶውን ራሴ አውርጄ ይዤው ወጣሁ። ማንም አልከለከለኝም፤ ማንም ሊጠጋኝ አልፈለገም።

አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሰው እጄን አዩና መስኮቱን ከፈቱ። ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም። ደብረ ወርቅ ስንደርስ እጄ ላይ ያለው ጭቃ ደርቆ መፈርፈር ጀመረ፤ አሸተትኩት፣ ሽታው አብሮ ሄዷል። ሽቶው ግን ቀሚሴ ላይ እንዳለ ቢቸና ገባሁ።