ይለፉ፣ ሰር

ፖሊሶች የያዙኝ አስመራ፣ ጸጸራት ሰፈር፣ በገዛ ደጄ፣ ረፋድ ላይ ነው። እጄ በሳሙና ነጭ ሆኖ ነበር። "ልለቃለቅ" ብላቸው "እዚያ ይደርቅልሻል" አሉና ማኪና ላይ ጫኑኝ። ክፍሉ ጠባብ፣ ሲሚንቶው እርጥብ፣ የሽንቱ ሽታ ዓይን የሚያቃጥል ነበር። ሴቶቹ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁልኝ።

ያን ጊዜ ቃኘው ጦር ሰፈር ለአሜሪካኖቹ ልብስ አጥብ ነበር። ከቋንቋቸው መጀመሪያ የያዝኳት ቃል "ሰር" ናት። ወታደሩ ለአለቃው ሲላት ተገትሮ ነው፤ ያው ወታደር መንገድ ላይ ለማያውቀው ሽማግሌ ሲላት ግን ጎንበስ ብሎ፣ ድምፁን አለስልሶ ነው። ሲናደዱም ይሏታል፤ ያኔ ስድብ ትመስላለች። አንዱ ሳጅን "እኔን እንዲህ አትበዪኝ፣ እሷ የመኮንን ናት" ብሎ ስቆብኛል። እኔ መለየቱ አቃተኝ፣ ልጆቼ፤ ለወንድ ሁሉ እላት ጀመር። እስር ቤትም ለጠባቂው አልኳት። አጠገቤ የምትተኛው ስዋ ጠምቃ ሻጭ "ኣንቺ፣ ለትኋኑም ሰር በዪውና ይተወን!" ብላ ክፍሉን አሳቀችው።

አንድ ቀን መርማሪው አስጠራኝ። ግድግዳ ስር ቁጢጥ በዪ አሉኝ። ከዚያ አንድ ሰው ደግፈው አስገቡ። ፊቱ አባብጦ ስለነበር ያወቅሁት በአካሄዱ ነው። የልጄ አስተማሪ ነበር። ስለ አገር ነጻነት በምስጢር የሚነጋገሩ ሰዎች እኔ ቤት ሻሂ እየጠጡ ይገናኙ ነበር፤ እሱም ከእነሱ አንዱ ነው። መርማሪው ከአፌ የሚፈልገው ይህችኑ ነበር።

"ይሄን ሰውዬ ታውቂዋለሽ?"

"ኣላውቃቸውም፣ ሰር።"

"ቤትሽ አይመጣም?"

"ኣይመጡም።"

"አዎ ካልሽ ዛሬውኑ ልጆችሽ ጋ ትገቢያለሽ።"

"የማላውቀውን ሰው እንዴት ብዬ እወ ልበል?"

መርማሪው አፌን ትቶ ዓይኔን ሲያይ ቆየና "ውሰዱት" አለ። በፊቴ ሲያሳልፉት ግን ሳላስበው ብድግ አልኩ። እኛ ዘንድ መምህር ሲያልፍ ቁጭ አይባልም። ለእሱ ደግሞ ሳልነሳ ቀርቼ አላውቅም።

"ለምን ተነሳሽ?" አለ መርማሪው።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። እሱን አሳልፌ የሰጠሁት መሰለኝ። ግድግዳውን ተጠግቼ መንገድ ለቀቅሁና ለመምህሩ፣

"ይለፉ፣ ሰር" አልኩት።

ጠባቂው ሳቁ አመለጠው። "ጌታዬ፣ ይቺ እኮ ለሁሉም ነው የምትለው! እኔን ሰር፣ ሽንት ቤት ጠራጊውን ሰር!"

መርማሪውም ሳቀ። "የአሜሪካን ገረድ" አለ። "አውጡልኝ።"

መምህሩ አልሳቀም። በሩ ላይ ቆም አለና እጁን ቀስ አድርጎ ወደ ግንባሩ አነሳ፤ የአስመራ ሰው እመቤት ሲያገኝ ባርኔጣውን እንደሚያነሳው። ባርኔጣ አልነበረውም። ከዚያ ወሰዱት።

እኔን ለቀቁኝ። እሱን ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ሚስቱ ቤቴ መጣች፣ ያየሁትን ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝና "በየትኛው እጁ ነው ያነሳው?" አለችኝ።

"በቀኙ" አልኳት።

"እንግዲያስ የሚጽፍበት እጁ ደህና ነበር" አለች። "የቐንየለይ ሓፍተይ" ብላ አመስግናኝ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

እሷም አሁን አርፋለች። የልጅ ልጄ ስልክ ላይ "እሺ ሰር፣ እሺ ሰር" ሲል እሰማዋለሁ። እኔ ግን ያቺን ቃል ከዚያ ቀን ወዲህ ለማንም ብያት አላውቅም፤ አፌ ላይ ስትመጣ ያ በር ይከፈትብኛል። ሰውየው ቆም ይላል፣ እጁን ያነሳል። የሚያነሳው ግራውን ነው። ቀኙ የራሱ አይመስልም፤ ዝም ብሎ ተንጠልጥሏል።

ሚስቱ ዛሬም መጥታ ብትጠይቀኝ፣ በቀኙ ነው የምላት።