የጎበጠው ወይራ

ዛሬ ቡሬ፣ ክፍል ውስጥ «ከርቭ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሳስተምር ሰሌዳው ላይ አንድ ጎባጣ መስመር አሰመርኩ። ሾፌሮቻችን «ኩርባ» የሚሉት ከጣሊያንኛ የመጣ መሆኑን፣ ሁለቱም ቃላት ከላቲን መወለዳቸውን ነገርኳቸው። አንዷ ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ ጣሊያን ሳይመጣ እኛ ምን እንለው ነበር?» አለችኝ።

መልሱ አልጠፋኝም፤ ግን ዓይኔ ሰሌዳው ላይ ቀረ። ያ መስመር ጅጋ አጠገብ በጓሯችን ያለውን ወይራ ይመስላል።

ልጅ ሳለሁ አባቴ ያን ወይራ፣ ገና ለጋ እያለ፣ በእርጥብ ልጥ ጎትተው ከትልቅ ድንጋይ ጋር አሰሩት። የልጡ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። ዛፉን የሚያመው መስሎኝ፣ «አባባ፣ ለምን ያጣምሙታል?» አልኳቸው።

«ጠማማስ ሰው ነው፤ ይኼ ጎባጣ ይባላል» አሉኝ እየሳቁ። «የማረሻ እርፍ ይሆናል። ቀጥ ያለውን ቆርጬ ላጉብጠው ብል ይሰነጠቅብኛል፤ ስለዚህ ቁሞ እያደገ ይጉበጥ።»

«ለእርስዎ ነው?»

«እኔማ አልደርስበትም። ለልጅሽ ነው» አሉና ቋጠሮውን ጠበቅ አደረጉት።

ባለፈው ፋሲካ ሄጄ አየሁት። ልጡ በስብሶ ወድቋል፤ ወይራው እንደጎበጠ ትልቅ ዛፍ ሆኗል፤ የቆረጠው የለም።

«ጎባጣ» አልኳት ተማሪዋን።

ልጄ ፍኖተ ሰላም ባጃጅ ይነዳል። ማታ ስደውልለት የምለው አንድ ነገር ነው፤ «ኩርባው ላይ ቀስ በል፣ ልጄ።»