ለእቁባቲቱ ያለቀስኩ ዕለት

ጄኔቭ ውስጥ የማገለግላቸው ቻይናዊት አሮጊት የንጉሥ ታሪክ ከጀመሩ ማቆሚያ የላቸውም። ዲፕሎማት የነበሩት ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህማ ብሶባቸዋል። እኔ «ማዳም» እላቸዋለሁ። እንጀራ ልጃቸው ግን አንቱታውን ከነጭራሹ አያውቀውም፤ ሁለተኛ ሚስት ናቸዋ። ባለፈው ከቻይና ደውሎ፣ «ከአባቴ ጎን የተቀበረችው እናቴ ናት፤ እዚያ ላንቺ ቦታ የለም» አላቸውና ምሳ ሳይቀምሱ ዋሉ። ደሜ ፈላ፤ ግን የሰው ቤት ነው፣ ምን እላለሁ።

በዚያው ሳምንት፣ የአንዲት የቻይና ንጉሠ ነገሥት እቁባት የመቃብር ዕቃ ዙሪክ ለእይታ መጥቷል ብለው በባቡር ይዘውኝ ሄዱ። መንገዱን ሙሉ ታሪኳን አወሩልኝ። በልጅነቷ ቤተ መንግሥት ገባች፤ ንጉሡን ያየችው ከስንት አንዴ ነው፤ ልጅ ሳትወልድ አረጀች። ስትሞት እሱ አስቀድሞ ከእቴጌይቱ ጋር ተቀብሮ ነበር፤ እሷን ከሌሎቹ እቁባቶች ጋር ራቅ አድርገው ቀበሯት።

ሙዚየሙ ውስጥ የሐር ቀሚሷ እጅጌው ተዘርግቶ ከመስተዋት ጀርባ ተሰቅሏል። እኛ አገር የሟች ልብስ እንዲህ የሚዘረጋው ለልቅሶ ነው። ሳላስበው ደረቴን መታ መታ እያደረግኩ፣ «እኔን እህቴን፣ ብቻሽን» ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ። ሰዉ ሁሉ ዞረ። የታመምኩ መስሎት ጠባቂው ውሃ ይዞልኝ መጣ፤ ሐኪም ልጥራ ሲል በስንት ልመና ተወኝ። ማዳም አልሳቁብኝም። ክንዴን ይዘው አጠገቤ ቆሙ።

ስንመለስ ባቡር ውስጥ፣ «ለኔም እንደዚያ ታለቅሺልኛለሽ?» አሉኝ።

«ቀባሪ አያሳጣዎት፤ እንዴት አላለቅስልዎትም?»

«እንግዲያው አሁን አልቅሺልኝ። ያኔ አልሰማሽም።»

በቁም ሰው ላይ ሙሾ ማውረድ ሟርት ነው። እምቢ አልኩ፣ ተቆጣሁም። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከኔ ላይ አልነቀሉም፤ አንጀቴን በሉኝ። አማተብኩና ድምፄን ዝቅ አድርጌ በአማርኛ አወረድኩላቸው። አንዲት ቃል ሳይገባቸው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ምን አልሽ?» አሉኝ ስጨርስ።

«ሚስቱ ሞተች አልኩ። በሕመሙ ያስታመመችው፣ የቤቱ እመቤት፣ ሚስቱ አልኩ።»

እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ «ሚስቱ ያልሽውን እንደገና በይልኝ» አሉኝ።