ከጎረቤታችን የተማርኩት የእናቴ ጧፍ

እናቴ ከሞተች አሥር ወር ሲሆናት አባቴ ከማሳው ተመልሶ እግሩን እየታጠበ፣ «ለሙት ዓመቷ የሱቅ ሻማ እንዳትገዢ» አለኝ።

ለምን እንዳለ ገብቶኛል። ለአርባዋ የገዛሁት ሻማ በጋምቤላ ሙቀት ሁለት ቀን ካርቶን ውስጥ ቆይቶ፣ ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ጎብጦና እርስ በርሱ ተጣብቆ ነበር የተገኘው። አባቴ አንዱን አንስቶ በጣቶቹ ሊያቀናው ሞከረ። ቀና ያለ መስሎ መልሶ ጎበጠ። ሰው ሁሉ እያየው ሦስት ጊዜ ያህል ሞከረና ወደ ካርቶኑ መለሰው። እናቴ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ ከመጣች ጀምሮ ለዚያው ቤተ ክርስቲያን ጧፍ ስትሠራ የኖረች ሴት ናት።

እኔ ግን ሙያውን አልተማርኩም። ልጅ ሆኜ «ነይ እዪ» ስትለኝ ሰሙ ጥፍር ውስጥ ይገባል፣ ልብስ ላይ ከነካ አይለቅም እያልኩ እሸሽ ነበር። ካደግኩ በኋላ ደግሞ ኩሌ ስደተኞች ጣቢያ፣ ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ሥራ አገኘሁ። ሰኞ ሄጄ ዓርብ ነው የምመለሰው። ቅዳሜና እሁድ ልብስ ማጠብና መተኛት ነበር።

ቢሆንም ለአባቴ «እሺ፣ እኔው እሠራዋለሁ» አልኩት። ከአንዲት ጠጅ ጣይ ሰፈፍ ገዛሁ፤ ማሩ ከተጣራ በኋላ የሚቀረው፣ የንብ ክንፍና ገለባ የተቀላቀለበት ጥቁር ነገር ነው። ከሱቅ ነጭ ክር ገዛሁ። ቅዳሜ ጧት ግቢ ውስጥ ከሰል አያያዝኩና ሰፈፉን በብረት ድስት አድርጌ እንዲሁ እሳቱ ላይ ጣድኩት። መጀመሪያ ጥሩ ሸተተ። ከዚያ አረፋ ደፈቀ፣ ጠርዙን አልፎ ከሰሉ ላይ ፈሰሰ፣ ድስቱም ቦግ ብሎ ነደደ። ውኃ ልደፋበት ጣሳ ሳነሣ አባቴ እጄን ያዘኝና ድስቱን በክዳን ከደነው። እሳቱ ጠፋ፤ ጥቁር ጭሱ ግን በአጥሩ ላይ አልፎ ሄደ።

ጭሱን ተከትላ ጎረቤታችን መጣች። ከባሮ ዳር ዓሣ ተቀብላ ገበያ የምትሸጥ አኙዋክ ናት፤ ሰፈሩ ሁሉ ማማ ይላታል። አንቱታ አትወድም። ልጅ ሳለሁ አንቱ ስላት «እኔ ብዙ ሰው ነኝ እንዴ?» ብላኝ ነበር። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፤ እናቴንም እኔንም እንደ ወንድ ነው የምትጠራን። የኔ አኙዋክኛ ከዚያ የባሰ ስለሆነ አርሜያት አላውቅም።

ድስቱን ከፍታ አየች። ከዚያ የክሩን ጥቅል አነሣችና ጫፉን ከሰል ላይ አስጠጋችው። ክሩ ተኮማትሮ እንደ ቅማል እንቁላል ድብልብል አለ። አሸተተችው።

«ይሄ ላስቲክ ነው» አለች። «ጥጥ ሲቃጠል ወረቀት ይሸታል፣ አመድ ይሆናል። እናትህ ሁልጊዜ መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ያሸታል፣ ከዚያ ይገዛል።»

«አንቺ በምን አወቅሽ ማማ?»

«አብሬ ሠራሁ። ሦስት ዓመት። ዐይኑ ሲደክም እኔ ዐይኑ ነበርኩ።»

አልገባኝም። «የማን ዐይን?»

«የእናትህ።»

አባቴን ዞሬ አየሁት። አቀርቅሮ የፈሰሰውን ሰም በእንጨት እየፋቀ ነበር። የዚያን ቀን የሰማሁት ይህ ነው፤ እናቴ በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አንዱ ዐይኗ ጨርሶ፣ ሌላው በከፊል በሞራ ተሸፍኖ ነበር። ዓርብ ስመጣ ቤቱን ስለምታውቀው ሳትደናቀፍ ትንቀሳቀሳለች፣ ምግብ ታቀርባለች፣ ፊቴን በእጇ ትዳብሳለች። ናፍቆት ይመስለኝ ነበር። ክሩን የምታከረው እሷ፣ ሰሙ መድረሱን የምታይላት ማማ ነበረች። ለቤተ ክርስቲያኑም ለኔም ማንም እንዳይናገር አስምላቸው ኖሯል።

«ለምን?» አልኩ። «እኔ ክሊኒክ ነው የምሠራው። የዐይን ሞራ እኮ በአጭር ቀዶ ጥገና ይገፈፋል። ስንቱ ሰው ሲሄድ አይቻለሁ።»

«ልጄ ሥራዋን ጥላ ትመጣለች ብላ ነው» አለ አባቴ ቀና ሳይል።

ማማ ጨመረችበት። «ፈራ ደግሞ። ቢላዋ ዐይን ውስጥ አይገባም አለ። ሂድ አልኩት፣ እኔ እይዝሃለሁ አልኩት። እምቢ።»

ተነሥቼ ቤት ገባሁና በሩን ዘጋሁ። እናቴ የሞተችው በሳንባ ምች ነው፤ ዐይኗ አልገደላትም። ግን ያን ሁሉ ዓርብ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ስልኬን እያየሁ አለማወቄ አንገበገበኝ። በአባቴ ተናደድኩ፣ በማማ የበለጠ ተናደድኩ። እናቴ ከኔ የደበቀችውን ለጎረቤት ማሳየቷ ቅናት የሚሉት ነገር ውስጤ ጫረ። በመስኮት ሳይ ማማ አልሄደችም። ቁጢጥ ብላ የተረፈውን ሰፈፍ በውኃ እያፈላች ነበር። አጣርታ፣ በሳፋ አድርጋ፣ በሰፌድ ከድና ሄደች። ሲመሽ ገልጬ ሳየው ውኃው ላይ ቢጫ ሰም እንደ ቂጣ ረግቶ ተቀምጧል።

ሳምንቱን ሙሉ ኩሌ ሆኜ ያን ሰም ሳስብ ከረምኩ። ዓርብ ስመለስ ከኢታንግ ገበያ የተፈተለ ጥጥ ገዛሁ። ከመግዛቴ በፊት ጫፉን አቃጥዬ አሸተትኩ፤ ሻጩ ሳቀብኝ። በነጋታው ፀሐይ ሳትበረታ የማማን በር አንኳኳሁ።

«አስተምሪኝ» አልኳት።

«ቁጣ አለቀ?»

«ትንሽ ቀርቷል።»

«ጥሩ። ክር በቁጣ ነው የሚከረው» አለችና ነጠላ ጫማዋን ፈልጋ ወጣች።

ሰሙን በጣሳ አድርጋ፣ ጣሳውን የፈላ ውኃ ባለበት ድስት ውስጥ አስቀመጠችው፤ እንዲህ ከሆነ አይነድም። ክሩን ስድስት አድርገን አከረርነው። ስምንት ከሆነ ይጨሳል፣ አራት ከሆነ በራሱ ሰም ታፍኖ ይጠፋል። እሷ በአንዱ ጫፍ እኔ በሌላው ይዘን እየወጠርን፣ ቀልጦ ረገብ ካለው ሰም ውስጥ በቀስታ አሳለፍነው። ወዲያው በእንስራ ውኃ የራሰ ጨርቅ ላይ አሳረፍነው። ሲቀዘቅዝ እንደገና። አምስት ስድስት ጊዜ ከነከርነው በኋላ ሰሌዳ ላይ በመዳፍ እያንከባለልን ክብ አደረግነው። የመጀመሪያዎቹ እንቁራሪት የዋጠ እባብ ይመስሉ ነበር፤ አንዱ ቦታ ያበጠ፣ አንዱ ቦታ የሰለለ። ማማ አልሳቀችም፤ መልሳ ጣሳ ውስጥ ከተተቻቸው።

በሥራ መሀል የቤተ ክርስቲያኗን መዝሙር በቋንቋዋ ታንጎራጉራለች። ፕሮቴስታንት ናት፤ እነሱ ዘንድ ጧፍ አይበራም። «ማማ፣ ለናንተ የማይሆን ነገር፣ ለምን ያን ያህል ዓመት ለፋሽበት?» ብዬ ጠየቅኳት።

ጥያቄው ገረማት መሰለኝ። «እናትህ ጓደኛዬ ነው» አለች። «ጓደኛ ሲሠራ ሰው ቁጭ ብሎ ያያል?»

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ሳልጠይቃት ስለ እናቴ ትነግረኝ ጀመር። እናቴ በእጇ ዳብሳ የጧፉን ውፍረት ከማማ ዐይን በላይ እንደምታውቅ። ስደውልላት ድምፄን ሰምታ መክሳት መወፈሬን ለመገመት እንደምትሞክር። አንድ ቀን ማማ ባሮ ዳር ስትወስዳት፣ እናቴ ወንዙ መሙላቱን በድምፁ ብቻ እንደነገረቻት። አንዳንዱ ያስለቅሰኛል፣ አንዳንዱ ያስቀኛል።

በሙት ዓመቷ ቀን ጧፎቹን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለን ወሰድን። ቀጥ ብለው ነበር የደረሱት። አባቴ አንዱን አውጥቶ አፍንጫው ላይ አደረገና ብዙ ቆየ። ማማም ፀጉሯን በሻሽ አስራ አብራን መጣች፤ የቅጥሩ በር ጋ ስንደርስ ግን ቆመች።

«እኔ እዚህ ነኝ። እናንተ ግቡ።»

አባቴ ጧፎቹን ይዞ ገባ። እኔ ጥቂት ሄድኩና ተመልሼ አጠገቧ ቆምኩ። «ግባ እንጂ» አለችኝ። «ከዚህም ይታያል» አልኳት። ጸሎቱ እስኪያልቅ ሁለታችንም በሩ ላይ ቆመን፣ ጧፉ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ሲቀጣጠል አየን። ማማ ዐይኗን ጨፈን ጨፈን እያደረገች አንገቷን ወደፊት ትሰግግ ነበር። ክር ስናከርም ወደ ፊቷ በጣም እንደምታስጠጋው ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

«ስንት ጧፍ ይታይሻል?» አልኳት።

«ብዙ።»

«ማማ።»

በሻሿ ጫፍ ዐይኗን ጠረገች። «ጭጋግ አለ» አለች በመጨረሻ።

ሰኞ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሐኪም ቤት ልወስዳት ስል «ሰኞ ዓሣ አለ» አለችኝ፤ ማክሰኞም ዓሣ ነበረ። ረቡዕ ዓሣውን እኔና አባቴ ገበያ ወስደን ቀድመን ሸጥንላትና ሰበብ አጣች። ሐኪሙ ሲያያት የቀኝ ዐይኗን ሞራ ጀምሮታል። ለቀዶ ጥገና የዐይን ሐኪሞች የሚመጡበት ቀን እስኪደርስ ሁለት ወር ጠበቅን። በዚያን ቀን በቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ እጄን ጨምቃ ይዛ፣ «ብፈራስ?» አለችኝ። «እኔ እይዝሻለሁ» አልኳት። ብዙም አልቆየችም፤ ዐይኗ በፋሻ ተሸፍኖ ወጣችና ርቧት ስለነበር እንጀራ በዓሣ ወጥ በላች።

ፋሻው ከተፈታ ከሳምንት በኋላ ቅዳሜ ጧት መጥታ ለትንሣኤ የሠራኋቸውን ጧፎች አንድ በአንድ በፀሐይ አየቻቸው።

«ይሄ ሁሉ ጠማማ ነው» አለች። «ለምን ዝም አልከኝ?»

ከሰሉን አያያዝኩና ጧፎቹን መልሰን ጣሳው ውስጥ ከተትናቸው።