ጡሩምባው ዝም ያለበት መኸር

ዲላ ከተማ ውስጥ የሰው ሞት የሚሰማው ከወንድይራድ አፍ ነበር። ቀን ቀን ቡና መጋዘን ደጃፍ ተቀምጦ የተቀደደ ጆንያ ይሰፋል። ሰው ሲሞት ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ የእድሩን ጡሩምባ እየነፋ ከላይኛው ሰፈር እስከ ታችኛው ይዞራል። መጀመሪያ በአማርኛ ይለፍፋል፣ ቀጥሎ በጌዴኦኛ፤ ነጋዴው ኸድሩ ደጅ ሲደርስ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው በተሰባበረ ጉራጊኛ ይጨምርበታል። ጉራጊኛው ከማሳቁ የተነሳ ሐዘንተኛው ሁሉ ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ነበር የሚያዳምጠው።

መቼም ሰው ነውና ይሳሳታል። አንድ ጊዜ ሀብተ ጊዮርጊስ የሚባል አናጢ ሞተ ሲሉት፣ ገብቶ ሳያይ ሮጦ ነፋ። ለካ ሰውየውን የጣለው አረቄ ኖሯል። ረፋድ ላይ ነቅቶ ሲወጣ ግቢው ውስጥ ድንኳን ሲተከል አየ፤ «ማን ሞቶ ነው?» ብሎም መዶሻውን አምጥቶ ካስማውን አብሮ መታ። ከዚያ ወዲህ ወንድይራድ ላይ ያልቀለደ የለም፤ ቀልዱን አልለቅም ያለው ግን ይርጉ ነበር። ይርጉ ሃያ ሁለት ዓመት አጠገቡ ተቀምጦ ጆንያ የሰፋ ወዳጁ ነው።

«እኔ ሞትኩ ሲሉህ እንዳትቸኩል» ይለዋል። «መጀመሪያ ደጄ ላይ ቆመህ ሦስት ጊዜ ጥራኝ። ዝም ካልኩህ ያን ጊዜ ንፋ።»

«አንተ እንቅልፋም፣ ሦስት የት ይበቃሃል? ስድስት ጊዜ እጠራሃለሁ» ይላል ወንድይራድ። የይርጉ ሚስት አሰገደች ምሳ ይዛ በመጣች ቁጥር ይህንኑ ስትሰማ፣ ሞት እንደዚህ አይጠራም እያለች ሁለቱንም ትቆጣ ነበር።

በ1963 ዓ.ም. ቡናው መቅላት ሲጀምር ያ የሆድ በሽታ ገባ። ጠዋት የያዘውን ሰው ለማታ የማያደርስ ክፉ በሽታ ነበር። ትእዛዝ ወጣ፦ ገበያ አይቆምም፤ መኪና ወደ ይርጋጨፌ አያልፍም፤ ድንኳን አይተከልም፤ ለቅሶ አይደረስም። ጡሩምባ የሰማ ሰው ቤቱ ስለማይቀመጥ ጡሩምባም አይነፋ ተባለ። የሞተውን አራት ሰዎች ብቻ እንዲቀብሩ ሲወሰን ከአራቱ አንዱ ወንድይራድ ሆነ። ጡሩምባውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ አካፋ አነሳ።

በአራተኛው ሳምንት ይርጉን ያዘው። በሽተኞቹን የሚያክመው የጤና ጣቢያው ድሬሰር ወልደዮሐንስ ማንም እንዳይገባ ስለከለከለ ወንድይራድ አጥሩን ተደግፎ ሲጠብቅ ዋለ። በማግስቱ በገዛ እጁ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ኖራ ነስንሶ ወዳጁን ቀበረ። ያንን ቀን እኔ ለጠላቴም አልመኝም። አሰገደች ባዶ ቤት ውስጥ ብቻዋን ቀረች፤ ቆጮ ይዞ የሚመጣ፣ አብሯት የሚያነባ፣ አብሯት የሚያድር አልነበረም።

«ጋሼ፣ ይርጉ እንደ ውሻ ነው የተቀበረው» አለችው በአጥሩ ቀዳዳ። «ይህ ነገር የሚያበቃ ቀን፣ ከሁሉ በፊት እሱን ይንፉልኝ።» ወንድይራድ ማለላት።

ሁለት ወር ሊሞላ ሲል ከተማው ለሁለት ተከፈለ። በማዘጋጃ ቤቱ ሜዳ ስብሰባ ተጠራና ሰው ተራርቆ ቆመ። ኸድሩ ገበያውም መንገዱም ዛሬውኑ ይከፈት አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ለቸገረው ሁሉ ጨውና ስኳር አጥር ላይ ሲያስቀምጥለት የከረመ ሰው ነው። ነገር ግን ቡናው በየገበሬው ደጅ ሻገተ፣ መኪናው ቆሞ ዛገ፣ ሕዝቡም ከበሽታው ይልቅ ረሃብ ሊጨርሰው ነው። ወልደዮሐንስ በበኩሉ የመጨረሻው በሽተኛ ከሞተ ወይም ከዳነ በኋላ አሥራ አምስት ቀን ካልተቆጠረ በጭራሽ አለ።

«የምን በሽተኛ?» አለ ኸድሩ። «በሽታው እኮ ሄዷል። ጡሩምባ ከሰማን ስንት ጊዜያችን?»

ሕዝቡ ይኼስ እውነት ነው አለ። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። አይ የዲላ ሰው! ጡሩምባው መከልከሉን ከነአካቴው ረስተውታል። ጡሩምባ ያልተነፋለት ሞት ለእነሱ ሞት አይደለም። እጅ ይውጣ ሲባል ይከፈት ያለው በዛ፤ አሰገደችም ወንድይራድን እያየች እጇን አወጣች።

ወንድይራድ ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ዝም ቢል ነገ ጎህ ሲቀድ ይርጉን ይነፋል፣ መሐላውንም ይፈጽማል። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መከፈቱን እንደ እሱ የተመኘ አልነበረም። ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ፊት ወጣ።

«ዝም ያለው ጡሩምባው ነው እንጂ ሞት አይደለም» አለ። «ማክሰኞ ደጀኔን ቀበርኩ። ሐሙስ አትጠገብንና እናቷን። ትናንት የወፍጮ ቤቱን ዘነበን።»

ከሕዝቡ መሀል አንዲት ሴት «አትጠገብን?» ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ዘነበ ከወፍጮው ሥራ ሲወጣ በኸድሩ መኪና ላይ ጆንያ የሚጭን ሰው ነበር። ኸድሩ ቀስ ብሎ፣ ከትናንት ጀምሮ አሥራ አምስት ቀን ይቆጠር አለ። ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም። አሰገደች ግን ወንድይራድን ዞር ብላ ሳታየው ሄደች።

እነዚያን ቀናት ከይርጉ ባዶ ቦታ አጠገብ ተቀምጦ ጡሩምባውን በአመድ ሲወለውል ከረመ። በአሰገደች ደጅ ባለፈ ቁጥር ሰላምታ ይሰጣል፤ አትመልስም። በአሥራ አምስተኛው ቀን ማታ ወልደዮሐንስ መጥቶ ከዘነበ ወዲህ የታመመ እንደሌለና ክልከላው መነሳቱን ነገረው።

ጎህ ሲቀድ ወንድይራድ የአሰገደች ደጅ ላይ ቆመ። ጡሩምባውን ግን አላነሳም።

«ይርጉ!» ብሎ ጠራ። ቆይቶ ደገመ። በሩ ተከፈተና አሰገደች ነጠላዋን ይዛ ወጣች። ሦስተኛውን ጠርቶ ጡሩምባውን ወደ አፉ አስጠጋ።

«ስድስት ነው ያሉት፣ ጋሼ» አለች አሰገደች።

ጡሩምባውን ዝቅ አድርጎ ሦስት ጊዜ ጨምሮ ጠራው። ሁለቱም ጥቂት ጠበቁ። ከዚያ ነፋ፤ ከላይኛው ሰፈር ጀምሮ በሮች መከፈት ጀመሩ።