ዋልተር ናፒ አምጪልኝ ያሉኝ ቀን

ባለፈው እሁድ ምሳ ሰዓት ላይ... አንድ የተከበሩ ሽማግሌ በልጃቸውና በልጅ ልጆቻቸው ፊት አዋረድኩ። አስቤ አይደለም። ግን አዋረድኳቸው።

የምሠራው እዚህ ውጭ አገር፣ ክሬጊበርን የሚባል ሰፈር አካባቢ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ነው። እዚያ ዋልተር የሚባሉ ጡረተኛ አስተማሪ አሉ። እዚህ አገር ሁሉም በስሙ ነው የሚጠራው፤ እኔ ግን ዘጠና ዓመት የሞላቸውን ሰው «ዋልተር» ማለት እስካሁን አፌ ላይ ይከብደኛል።

ዋልተር ሽንት ቤት የሚሄዱት ራሳቸውን ችለው ነው። መደገፊያ ዎከራቸውን እየገፉ፣ ግማሽ ሰዓትም ቢፈጅባቸው። «ላግዝዎት?» ስላቸው «ገና ነኝ!» ይሉኛል።

እሁድ ልደታቸው ነበር። ሱፍ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው ቤተሰቡ መሀል ቁጭ ብለዋል። ሳልፍ በእጃቸው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ዛሬ ልደቴ ነው። እስቲ ናፒ አምጪልኝ!»

ናፒ እዚህ አገር ዳይፐር ማለት ነው። ሌላ ትርጉም አላውቅለትም። በስመ አብ... አምልጧቸው ይሆን? አንጀቴን በሉት።

ሮጬ ስቶር ገባሁና አንድ የአዋቂ ናፒ ይዤ መጣሁ። ፎጣ ውስጥ መጠቅለል ነበረብኝ፤ አልጠቀለልኩም። ጆሯቸው ስለሚከብድ ደግሞ ጮክ ብዬ፣

«ኑ፣ ክፍልዎ ሄደን እንቀይር። ምንም አይደል፣ ያጋጥማል!» አልኳቸው።

የጠረጴዛው ሰው ሁሉ ወደ እጄ ዞረ።

ዋልተር መጀመሪያ ያዩት ናፒውን አልነበረም። ጎንበስ ብለው ሱሪያቸውን አዩ... በእጃቸውም ዳሰሱት። ደረቅ ነው።

ከዚያ አንዱ የልጅ ልጃቸው ሳቁ አመለጠው። ሌሎቹም ተከተሉት። ልጃቸው ማርጋሬት ብቻ ተነስታ ክንዴን ያዘችኝ።

«ቢራ ፈልጎ ነው» አለችኝ ቀስ ብላ። «በድሮ እንግሊዝኛ ናፒ ጠንካራ ቢራ ማለት ነበር። አሁን ማንም አይለውም። አባዬ አሮጌ ቃል ስለሚወድ ነው።»

ናፒው እጄ ላይ ነው። የት ልክተተው? ከጀርባዬ ደበቅኩት... ሁሉም አይቶት የለ!

ልብስ መቀየሪያ ክፍል ገብቼ አለቀስኩ።

ማክሰኞ ሺፍት ስገባ ዋልተር ምሳ ክፍል አልነበሩም። ከእሁድ ጀምሮ ክፍላቸው ነው የሚበሉት አሉኝ ባልደረቦቼ። የገዛሁትን አንድ ጠርሙስ ጥቁር ቢራ ይዤ አንኳኳሁ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቃሉን አላውቀውም ነበር» አልኳቸው።

«ማን ያውቀዋል ብለሽ ነው? ከኔ ጋር ነው ያረጀው» አሉና ብርጭቆ እንድሰጣቸው አመለከቱኝ። ቀዳሁላቸው። አንዴ ፉት አሉ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረው፣

«አንቺ አይደለሽም ያሳፈርሽኝ» አሉ። «አምኜሽ ሱሪዬን ማየቴ ነው።»

ትራሳቸውን አስተካከልኩ፤ የተስተካከለውን ትራስ።

ያን ቀን ቤቴ እስክደርስ «የእንግሊዝኛ ጉዳይ ነው፣ ማንም ይሳሳታል» እያልኩ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። አልሆነልኝም። «ምን ፈልገው ነው?» ብሎ መጠየቅ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም ነበር... እኔ ግን ለማዘን ቸኮልኩ።