ጉልበቴን ነው ያልኩበት የብርብር መንገድ

ከሰፈራችን ከሲቀላ የተነሳነው ጎህ ሲቀድ ነው። ሁለት ሴቶች በሁለት ብስክሌት፣ አሰልጣኝ ደረጀ ደግሞ ከኋላችን በሞተር። እስከ ብርብር ደርሶ መልስ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለምን እንደምንሄድ ከዋዜማው ነግረውናል።

«ለሐዋሳው ውድድር የቀረኝ የአንዲት ሴት ቦታ ነው። ብርብር ላይ ቁርስ እንበላለን፤ ከዚያ ውጭ መንገድ ላይ ከብስክሌት የወረደች ወደቀች። ሁለታችሁም ካልወረዳችሁ፣ በመልሱ ቀድማ ሲቀላ መግቢያ ኩልፎ ድልድይ የደረሰች ትሄዳለች።»

የኛ ስፖርት ትራያትሎን ነው፤ ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በአንድ ቀን፣ አከታትለሽ። ዋናውን የምንለማመደው ሴቻ ሰፈር ባለ ሆቴል ገንዳ ውስጥ ነው፤ ጫሞ ሐይቅ ላይ አዞ አለ። ሰው ሁሉ «አዞ አትፈሪም ወይ?» ይለኛል። እኔ የምፈራው የብስክሌቴን ኮርቻ ነው።

ኮርቻዬ ጠባብ ነው፣ ፊቱ ሹል። ትንሽ ስቆይበት ሴት ልጅ ወንድ ፊት የማትጠራውን ቦታ ያሳብጠዋል፣ ይልጠዋል፣ ሽንት ቤት ስገባ ያቃጥለኛል። ባለፈው ልምምድ ላንቴ ላይ አልቻልኩምና ወረድኩ። አሰልጣኙ «ምንሽን ነው?» ሲሉኝ «ጉልበቴን» አልኩ። አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው። እናቴ «አፍሽ በር የለውም» የምትለኝ ልጅ ነኝ፤ ይሄ ግን አልወጣ አለኝ።

አሰልጣኙ ለጉልበቴ ብለው ኮርቻውን ሁለት ጣት ከፍ አደረጉት። እናቴ ደግሞ በየማታው ጉልበቴን በቅባት ታሽልኛለች። «ኮርቻው ደረቅ ነው» ስላት ስፖንጅ ጠቅጥቃ ሽፋን ሰፋችልኝ። እኔም በበኩሌ ሁለት የውስጥ ሱሪ ደረብኩ። እንግዲህ የዛሬው ጉዞ የተጀመረው እንዲህ ተሸፋፍኖ ነው።

ጫኖ

እስከ ጫኖ ደህና ነበርኩ። ግራና ቀኙ ሙዝና ማንጎ ነው። አንድ አይሱዙ ግማሽ መንገድ ይዞ ሙዝ ይጭናል። ጫኞቹ ሲያዩን ሥራቸውን አቆሙ።

«እህቴ፣ ባጃጅ አጥተሽ ነው?»

«ካንተ ባጃጅ እቀድማለሁ!»

«ቆይ እንጂ፣ ሙዝ ብዪ! አጥንትሽ ብቻ ቀረ እኮ!»

እኔ ሳቅሁ፤ ምህረት ዞራም አላየች። ምህረት የልጅነት ጓደኛዬ ናት። አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ተምረናል፣ አንድ መዘምራን ውስጥ እንዘምራለን። ዛሬ ግን ከተነሳን ጀምሮ አንድ ቃል አላናገረችኝም። እኔም አላናገርኳትም። ቦታው አንድ ነው።

ላንቴ

ሐሬ ወንዝን ስንሻገር ጀመረኝ። ከኮርቻው ብድግ ብዬ መንዳት ያዝኩ። በቀኝ በኩል አባያ ሐይቅ ቡናማ ውሃውን ዘርግቶ ይታያል፣ በግራ የኦቾሎ ተራራ አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቆም ብዬ አየው ነበር።

«ቁጭ በይ!» አሉ አሰልጣኙ ከኋላ። «ጉልበትሽን ልትጨርሺው ነው? ቁጭ በይ!»

ቁጭ አልኩ። ስፖንጁ ተሰብስቦ መሀል ላይ ድንጋይ ሆኗል። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ መንገዱ ተምታታብኝ። በዚያው ቅጽበት አንድ የጭነት መኪና ጡሩምባውን እየነፋ አጠገቤ አለፈ፤ ነፋሱ ወደ ጠጠሩ ገፋኝ። መሪውን ይዤ ቀናሁ እንጂ እግሬ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። ብወርድ በቃ፣ ሐዋሳ የለም። ጥርሴን ነክሼ ከአንዱ የኤሌክትሪክ ምሰሶ እስከሚቀጥለው ብቻ እያልኩ ብርብር ገባሁ።

ብርብር

አንዲት ሴትዮ ቤት ቁርስ ታዘዘ። ኩርኩፋ ነበር፤ በሽፈራው ቅጠል የተቀቀለ የበቆሎ ድብልብል። አሰልጣኙ ተቀመጡ። እኔ ሳህኔን ይዤ ግድግዳው ጥግ ቆምኩ።

«ልጄ፣ ቁጭ በይ እንጂ» አለች ሴትዮዋ። «ወንበሩ የሚከፈልበት መሰለሽ?»

«ቆሜ ይሻለኛል።»

«ያቺኛዋም እንዲሁ አለችኝ። ምን ዓይነት ስፖርት ነው መቀመጥ የሚከለክለው?»

ቀና ብዬ አየሁ። ምህረትም በሩ ጋ ቆማ እየበላች ነው። አሰልጣኙ ሁለት ባዶ ወንበር አጠገባቸው አስቀምጠው ለብቻቸው ይበላሉ። እኔና እሷ ተያየን። ሳህኑን አስቀምጬ ወደ ጓሮ ወጣሁ፤ ተከትላኝ መጣች።

«አንቺም?» አልኳት።

«አንቺም?» አለችኝ። «ጉልበቴን አላልሽም እንዴ?»

«አንቺስ ሆዴን አላልሽም?»

«ሆዴን ብያቸው ወተት ከለከሉኝ እኮ!»

ሳቅ አፈነን። ሳቁ ሲያልፍ ምህረት ከጃኬቷ ኪስ ቫዝሊን አወጣች። «ተቀቢ። ስንት ደርበሻል ከውስጥ?»

«ሁለት።»

«ሁለቱንም አውልቂ! ስፌቱ ነው የሚልጥሽ። የብስክሌት ቁምጣ ብቻውን ነው የሚለበሰው። እኔም ያወቅሁት ከተላጥኩ በኋላ ነው።»

ቫዝሊኑን ተቀብዬ ቆምኩ። «ለምን ትነግሪኛለሽ? ቦታው አንድ ነው።»

«ማሸነፍ የምፈልገው አንቺን ነው» አለች፣ «ቁስልሽን አይደለም።»

አወለቅሁ፣ ተቀባሁ፣ የእናቴን ስፖንጅም ፈታሁ። ኮርቻው ግን አሁንም ከፍ ያለ ነው፣ መፍቻው ያለው አሰልጣኙ ኪስ ውስጥ። ሄጄ በዘዴ ሞከርኩ።

«አሰልጣኝ፣ ጉልበቴን ተሽሎኛል። ኮርቻውን ዝቅ ላድርገው?»

«አይነካም። ጉልበት እንዲህ በአንድ ቀን አይሻልም። ባለፈው አቋርጠሽ ዛሬ ነው ተሻለኝ የምትይኝ?»

ሻያቸውን አነሱ። ለእሳቸው ነገሩ አለቀ። ሴትዮዋ ሳህን ትሰበስባለች፣ ምህረት በሩ ላይ ቆማ መሬት መሬት ታያለች። ፊቴ ጋለ።

«ጉልበቴን አሞኝ አያውቅም» አልኩ። «ብልቴን ነው። ኮርቻው ቆስሎብኛል… አቁስሎኛል። ከፍ ሲያደርጉት ባሰብኝ።»

ሻያቸው አፋቸው ጋ ሳይደርስ ቆመ። ሴትዮዋ ሳህን ይዛ ደረቀች። አሰልጣኙ ቀስ ብለው ወደ ምህረት ዞሩ።

«አንቺስ? ሆድሽ ነው?»

«ሆዴ አይደለም» አለች ምህረት።

ኪሳቸውን ዳብሰው መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «እንደሚመቻችሁ አድርጉት» አሉና ፊታቸውን ወደ ሞተሩ አዙረው ተነሱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ሳይዞሩ፣ «ሕጉ ግን ያው ነው» አሉ።

ኮርቻዬን ወደ ድሮው መለስኩት፤ ፊቱንም ጥቂት አዘነበልኩት። የምህረትንም አብረን ሠራን። እኔ ያዝኩላት፣ እሷ አጠበቀች።

መልስ

ተአምር አልሆነም። የቆሰለው ቆስሏል፣ ላብ ሲነካው ያቃጥላል። ግን ተቀመጥኩ! ላንቴን ተቀምጬ አለፍኩ፣ ሐሬን ተቀምጬ ተሻገርኩ። ፀሐዩ አስፋልቱን ያቀልጣል፣ ነፋሱ ፊት ለፊት ነው። ጫኖ ላይ እየመራሁ ነበር፤ የጠዋቱ ጫኞች «ባጃጇ መጣች!» ብለው ጮኹልኝ።

ድልድዩ ሲታየኝ የምህረትን የብስክሌት ካቴና ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። ረገጥኩ። እሷም ረገጠች። የእግሬ ኃይል ያለቀው ጠዋት ነው፤ ያን ሁሉ መንገድ ብድግ ብድግ እያልኩ ስነዳ። በአንድ ጎማ ቀደመችኝ።

«ምህረት» አሉ አሰልጣኙ፣ ሌላ ቃል ሳይጨምሩ። ምህረት አቀፈችኝ። እኔ አላቀፍኳትም፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ልሄድ ስል አሰልጣኙ ጠሩኝ።

«ሰኞ ትንንሾቹን ሴት ሰልጣኞች አንቺ አነጋግሪልኝ። አንዷ ወገቤን ትላለች፣ አንዷ ራሴን ትላለች…» አልጨረሱትም። ብስክሌቴን እየገፋሁ ሄድኩ።

ቤት

እናቴ ቅባቱን አሙቃ ጠበቀችኝ። «ነይ፣ ጉልበትሽን።»

«ጉልበቴን አይደለም፣ እማዬ።» ነገርኳት። ስፖንጁንም መለስኩላት።

ተነሳች፣ በሩን ዘጋች፣ ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ አደረገች፣ ጨው በተነችበት። «ቁጭ በይበት። አንቺን የወለድኩ ጊዜ እኔም እንዲህ ነው የተቀመጥኩት» አለች። «እኔን እንኳ አፈርሽኝ?»

ያቃጥላል። ተቀምጬበታለሁ። ሐዋሳ ምህረት ትሄዳለች፤ ደስ ብሎኛል ብል ውሸት ነው፣ ውሸት ደግሞ በቅቶኛል። ሰኞ ግን እሄዳለሁ። ልጆቹን የት ያማችኋል ብዬ አልጠይቅም። እኔም ስጠየቅ ምን እንዳልኩ አውቀዋለሁ። ቁርስ አቀርብላቸውና የትኛዋ ቆማ እንደምትበላ አያለሁ።